መጋቢት 28 በሩ ተቆልፎ ነበር

ሚያዝያ 27 ቀን ከቤቴ አልወጣም። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው ሰፈራችን ይህን ያውቃል። ሠርግ ቢገጥም መልሱ ላይ እደርሳለሁ፤ ለቅሶ ቢሆን በማግስቱ ሄጄ እቀመጣለሁ። በዚያ ቀን ጠዋት መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ወደ አጥሩ እወጣለሁ። የቆርቆሮ በሩን ወለል አድርጌ እከፍትና ድንጋይ አስደግፈዋለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ሃዲዱ አዙሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ እቀመጣለሁ። በዚያ ሃዲድ ላይ ባቡር ካለፈ ቆይቷል፤ ሣር በቅሎበት ፍየሎች ይግጡታል። ቢሆንም በዚያ በኩል ነው የሄደው፤ የሚመጣውም በዚያ በኩል ነው።

ውስጥ፣ ከሰል ምድጃው ላይ፣ በቅቤ የተሠራ ቂንጬ ክዳኑን ደፍቶ ይጠብቃል። የምሠራው ለራሴ አይደለም።

የምጠብቀው ወንድሜን ነው። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ወንድምጋሼ እለው ነበር፤ አሁንም በሌላ ስም አልጠራውም። ሥራው ባቡር ላይ ነበር፤ በዕቃ ፉርጎዎች ላይ ፍሬን እየያዘ ድሬዳዋ ይመላለሳል። ሲመለስ ጃኬቱ ጭስ ጭስ ይላል። ኪሱ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ቀን መንደሪን፣ አንድ ቀን የፀጉር ማስያዣ ከውስጡ ይወጣል። ምንም ያላገኘ ቀን ኪሱን ገልብጦ እያሳየኝ «ዛሬ የድሬዳዋ ንፋስ ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ ቶሎ አሽትቺው ሳያልቅ» ይለኛል። እኔም አፍንጫዬን ኪሱ ውስጥ እከት ነበር።

ፀጉሬን የሚሠራኝም እሱ ነበር። የሚያውቀው ሁለት ጉንጉን ብቻ ነው፤ እነሱም አንድ ቀን እኩል ሆነው አያውቁም። የሰፈር ልጆች «ፀጉርሽን የሚሠራሽ ባቡር ነጂ ነው እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ «ነጂ ሳይሆን ፍሬን ያዥ ነው!» ብዬ መጀመሪያ አርማቸዋለሁ፤ ከዚያ እማታቸዋለሁ።

አባታችን የክር ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ቀን በማስታወስ ግን እሱን የሚያህል አላየሁም። ማታ ማታ እግሩን በሞቀ ውኃ ሳጥበው ይጠይቀኛል።

«ጣልያን አዲስ አበባ የገባው መቼ ነው?»

«ሚያዝያ 27።»

«ጃንሆይ ተመልሰው የገቡትስ?»

«ሚያዝያ 27።»

«ስንት ዓመት ሆነ በመሃሉ?»

«ድፍን አምስት ዓመት።»

«ቀን ጎደለ?»

«አልጎደለም።»

«ቀን ተረፈ?»

«አልተረፈም!»

ያን ጊዜ እግሩን ከውኃው ያወጣና «ይህ ቀን ሐቀኛ ነው፣ ልጄ። የወሰደውን ደብቆ አይቀርም፤ ራሱ መልሶ ያመጣዋል» ይለኛል። ስለ ፍርድ መጀመሪያ የተማርኩት ከዚህ ነው። ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ሁሉ እንዲህ አጥንቴ ውስጥ የገባ ነገር የለም። የተወሰደ ነገር ቀኑን ጠብቆ ይመለሳል። ልጅ ነበርኩ፤ አመንኩ። አርጅቼም አመንኩ።

አባታችን ንጉሡ ሳይወርዱ ሞተ። እኔና ወንድምጋሼ ብቻችንን ቀረን።

የሄደበት ጠዋት እንዲህ ነበር። ወታደሮቹ መንግሥት ከያዙ ወዲህ ነው። በዓል ስለነበረ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጣቢያው በወረቀት ባንዲራ ተሸፍኗል፤ ከምሰሶ ምሰሶ በተወጠረ ነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ቀለም «የድል በዓል» ተብሎ ተጽፏል። ለቁርሱ ቂንጬ ሠርቼለት ነበር። ሁለት ማንኪያ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄን ዘይት ከባቡሩ ሞተር ነው እንዴ የቀዳሽው?»

«ከጠላኸው አትብላ!»

«እበላለሁ እንጂ። ይሄን በልቼ እኔው ራሴ ባቡሩን እጎትተዋለሁ።» ሳህኑን አሟጦ ጨረሰና ጉንጉኔን ሳብ አደረገኝ። «ስመለስ ግን በቅቤ ትሠሪልኛለሽ። በእጄ እስኪወርድ ድረስ።»

ጣቢያው ድረስ ሸኘሁት። የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም አንድ የወረቀት ባንዲራ ይዤ ነበርና እሱን አወዛወዝኩለት። በሳምንቱ ይመለሳል ተብሎ ነበር።

አልተመለሰም። ምሥራቁ ጦርነት ሆነ፤ መስመሩ ተቆረጠ። ጣቢያ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ «ድሬዳዋ ቀርቷል» ይለኛል፤ ሌላው «ጅቡቲ ተሻግሯል ሲሉ ሰምቻለሁ» ይለኛል፤ ሦስተኛው መሬት መሬት ያያል። መርዶ ግን አልመጣም። ማንም ሰው በሬን አንኳኩቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ወጉ አላረዳኝም። ስለዚህ አላለቀስኩም፤ ከል አልለበስኩም፤ ሙት ዓመት አላወጣሁም። መርዶው ያልተነገረ ሰው እንደ ሞተ አይቆጠርም፤ እንዳለም አይቆጠርም። በመሃል እንደ ቆመ ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ነበር የምጠብቀው። ፋብሪካ ስገባ፣ መፍተያ ክፍል ውስጥ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የባቡሩ ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር። ክር ሲበጠስ እየቀጠልኩ እንኳ ጆሮዬ ውጭ ነው። አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረው፣ «እኔ ያገባሁት አንድ ዓይኗ ሃዲድ ላይ የቀረ ሴት ነው» ይል ነበር። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሳይከፋው አልቀረም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 27 ከሥራ ቀረን፤ የድል በዓል ነው ተባለ። ባንዲራ ተሰቅሎ ሳይ ያ የጣቢያው ጠዋት ከነጨርቁ፣ ከነቀይ ፊደሉ ዓይኔ ላይ መጣ። የአባቴም ድምፅ መጣ። ቀን ጎደለ? አልጎደለም። እጄን ጉልበቴ ላይ መትቼ «ለካ በዚህ ቀን ነው የሄደው!» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጠበቄን ትቼ በዓመት አንድ ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ። ለንጉሡ አምስት ዓመት ነው የፈጀው። እኔ ለዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ይህን ደግሞ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ነግሬዋለሁ። አምና ፋሲካ ራሱ በሚያዝያ 27 ሲውል፣ «እንግዲህ ዘንድሮ ካልመለስክማ መቼ ልትመልስ ነው?» ብዬ ቀኑን እንደ ሰው ተቆጥቼዋለሁ።

ዘንድሮ ነገር መጣ። ልጄ ስንት ዓመት የጠበቀችው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላትና ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳት። እኛ የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው የቀበሌ ቤቱን ይመልሳል፤ ቁልፉን ያስረክባል። ሕጉ ይህ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ሕግ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ «እማማ፣ እርስዎ ይለፉ» ሲሉኝ የማላልፍ ነኝ፤ ከፊቴ የቆመችውም እግር አላት። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታችን ኮንዶሚኒየም ደርሶት የቀበሌውን ቤት ቆልፎ አስቀመጠ። እኔ ነኝ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ በሕዝብ ፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ የተናገርኩት። ያ ሰው እስኪሞት ሰላም አላለኝም።

ታዲያ «እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም» ስላት ልጄ ምን አለችኝ?

«እማዬ፣ ስብሰባ ላይ የተናገርሽውን ልድገምልሽ?»

«አትድገሚልኝ።»

«“አንድ ቤተሰብ ሁለት በር ሲቆልፍ አንዱ ቤተሰብ በር አጥቶ ያድራል” አላልሽም?»

«እኔ በሬን ቆልፌ አይደለም የምቀመጠው! ከፍቼ ነው!»

«በዓመት አንድ ቀን።»

ልጄ የእኔው ልጅ ናት፤ ከእኔ የተማረችውን መልሳ ለእኔ ነው የምታጎርሰኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ሚያዝያ 27ን እዚሁ ልዋል፣ ከዚያ ቁልፉን እናስረክብ።

«ከዚያ በኋላስ? ሌላ ሰበብ ይመጣል?» አለችኝ።

«ከዚያ በኋላ እሱ መጥቷል።»

ይህን ስላት ፊቷን አዙራ የሌለ አቧራ ጠረገች።

ሌላ ቤት ብገባ እንዴት ያገኘኛል? ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት በር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መስኮት። እሱ የሚያውቀው ይህን የቆርቆሮ በር፣ ይህን ሃዲድ ነው። መሞቱን ካላረዱኝ፣ መምጣቱንም በዚህ በር ካላየሁ፣ እኔ ምን ልሆን ነው?

የልጅ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከልጄ በቀር ሁሉም ሰው አንቱ ይለኛል፤ ይህችን ግን ጭኔ ላይ ስላደገች አንቺ እንድትለኝ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቷ ከቤታችን ጀርባ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የሚኒ ሚዲያ ልጆች በድምፅ ማጉያ ዜና ያነባሉ፤ እኔም ልብስ እያሰጣሁ እሰማቸዋለሁ። እሷ የምታነበው «ቀኑ በታሪክ» የሚለውን ነው፤ በዚያ ቀን ድሮ ምን ምን እንደሆነ። ዘንድሮ ሚያዝያ 27 ሰኞ ላይ ስለዋለና ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዓርብ ጠዋት ቀድማ ልታነብ ነው። ሰሞኑን አልጋው ላይ ቆማ፣ ማንኪያ እንደ ማይክ ይዛ ተለማመደችብኝ።

«ሚያዝያ 27 በታሪክ! በዚህ ቀን የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ!»

«ቆይ። ከየት ያመጣሽው ነው?»

«ከስልክ። ኤፕሪል 27 ይላል።»

«ኤፕሪል ሚያዝያ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ሁሉም ሰው ነዋ እማማ!»

«ሁሉም ሰው ተሳስቷል። ፋብሪካ ውስጥ ከማሽኔ በላይ የተሰቀለው ካላንደር ሁለቱንም ነበር የሚጽፈው፤ ስንት ዓመት አፍጥጬበታለሁ። የእነሱ ኤፕሪል 27 የእኛ ሚያዝያ 19 ነው። አልፏል። ለሰዎቹ ቀናቸውን መልሺላቸው፤ የእኛን ደግሞ በቦታው አስቀምጪ።»

«የእኛ ምንድን ነው?»

እግሬን በገበቴ እንደሚታጠብ ሰው ሆኜ አባቴ እንደ ጠየቀኝ ጠየቅኋት። ጣልያን መቼ ገባ? ጃንሆይ መቼ ገቡ? ቀን ጎደለ? ወደደችው። ጽፋ ይዛ ለታሪክ መምህሯ ልታሳይ ሄደች። ያን ዕለት ተኩራርቼ ዋልኩ፤ የአባቴ ቃል በድምፅ ማጉያ ሊነበብ ነው።

በማግስቱ ስትመለስ ደብተሯን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«መምህራችን ሁለቱም ልክ ነው አሉ።»

«እንዴታ! ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ግን ዝም ብሎ አልገጠመም አሉ። ከተማዋ ከጣልያን የተለቀቀችው ከዚያ በፊት ነው፤ መጋቢት 28። ጃንሆይ ወር ያህል ቆይተው ነው የገቡት። እንግሊዞቹም ቆዩ ብለዋቸው ነበር። የገቡበት ቀን ግን አምስት ዓመት እንዲሞላ የተመረጠ ነው አሉ።»

«ተመረጠ?»

«አዎ። ቀኑ አልመለሳቸውም። ራሳቸው ቀኑን መርጠው ገቡ።»

አባቴ ታየኝ፤ እግሩ ከገበቴው ውስጥ፣ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ። ሰው የመረጠውን ቀን፣ ቀን የሠራው ሥራ ነው ብሎ አስተማረኝ። ልናደድበት ፈለግሁ፤ አቃተኝ። ይህን እንዴት ሊያውቅ ይችል ነበር? ዘበኛ ነው፤ ለእሱ የነገረው የለም።

ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። «ሌላም አለ» አለች፤ ድምፅዋ ቀነሰ። «ወታደሮቹ መንግሥት በያዙ ጊዜ የድል በዓሉን ከጃንሆይ ቀን አንሥተው ወደ መጋቢት 28 አዛውረውት ነበር። ወደ ሚያዝያ የተመለሰው በኋላ ነው። እማማ… ወንድምሽ የሄደው በእነሱ ጊዜ አይደለም እንዴ?»

«በእነሱ ጊዜ ነው።»

«ጣቢያው ላይ የድል በዓል ተብሎ ተጽፎ ነበር ብለሽኛል።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ልጅቷ ያጠፋችው ነገር አልነበረም። አጥሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ቁጣ ነው፤ የአንድ አገር በዓል ከወር ወር እየተጎተተ ሲወሰድ፣ በዚያ ቀን ወንድሟን የሸኘች ልጅ አለች ብሎ ያሰበ ማን ነው? ቁጣው ሲበርድልኝ ግን ቂንጬው ትዝ አለኝ።

በዘይት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ቅቤ ስላልነበረን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ድሆች ስለነበርን። እሱም የቀለደው እንዳያሳፍረኝ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ለዚህም እወደው ነበር። ለካ ጾም ነው! በመጋቢት መጨረሻ ሁዳዴ አይደለም እንዴ? «ስመለስ በቅቤ» ያለኝ ፋሲካን አስቦ ነው። ለፋሲካ እደርሳለሁ ማለቱ ነበር። ቃሉን ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ስይዘው፣ ጣዕሙን ስይዘው፣ ምን እንዳለኝ ግን አልሰማሁትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ካልጻፍኩ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። በእነዚያ የወታደር መንግሥት ዓመታት እኔ ራሴ ፋብሪካ ነበርኩ። በየዓመቱ መጋቢት ውስጥ፣ በጾም፣ በድል በዓል አርፌያለሁ፤ ልብሴን አጥቤበታለሁ። ረስቼው ነው ማለት ይቀለኛል። ግን የአባቴ ቀን መልካም ቀን ነበር፤ የወሰደውን የሚመልስ ቀን። ወንድሜ በሌላ በየትኛውም ቀን እንዲሄድ አልፈለግሁም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጎኔን ወጋኝ። ዘንድሮ መጋቢት 28 የት ነበርኩ?

ከአጥራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ከስልጤ የመጡ ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ ሐጂ ይላቸዋል። ከሱቃቸው መስኮት የእኛ በር ፊት ለፊት ነው የሚታየው፤ ከእኛ ቤት የሚገባውንና የሚወጣውን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«ሐጂ፣ መጋቢት 28 የት ነበርኩ?»

«ጤናዎን ነው እማማ? ዛሬ የጠፋብዎት ሳሙና ነው ወይስ ቀን?»

«አይቀልዱብኝ።»

ፊቴን አይተው ሚዛኑን ለቀቁት። በጣታቸው ቆጠሩ። «እሁድ ነበር። ልጅዎ አዲሱን ቤት ልታሳይዎት በጠዋት ይዛዎት ሄደች። ሲመሽ ነው የተመለሳችሁት።»

እውነት ነው። በሩን እኔው በእጄ ነበር የቆለፍኩት። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ፣ ጎትቼ፣ መቆለፉን አረጋግጬ።

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

ባንኮኒውን ያዝኩ። «ሽማግሌ ነው?»

«ኧረ ደላላ ነው! ቤቱ ሊለቀቅ ነው ሲሉ ሰምቶ። እሱ እንኳ ያረጀው አፉ ብቻ ነው።» ይህን ብለው ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር፤ እንዳልሳቅሁ ሲያዩ በርጩማ አወጡልኝና ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአባቴን፣ የጃንሆይን፣ የዘይቱን። ደንበኛ ሲመጣ «ቆይ» እያሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እማማ፣ የእኛ ረመዳን አንዴ ክረምት ላይ ይመጣል፣ አንዴ በጋ ላይ» አሉኝ። «ወሩ ራሱ መንገደኛ ነው። እኔ አባቴ የሞተበትን ቀን በእናንተ ካላንደር ብፈልገው በየዓመቱ ሌላ ቦታ ነው የማገኘው። ታዲያ ቀኑን አልጠብቅም፤ አባቴን አስታውሳለሁ። እርስዎም የሚጠብቁት ወንድምዎን ነው፤ ቀኑማ መጥቶ ይሄዳል።»

«በር ከሌለኝ በምን እጠብቀዋለሁ?»

«እኔ አለሁ አይደል? ሱቄ የትም አይሄድም።» ከዚያ የብስኩት ካርቶን ክዳን ቀደዱና ከእስክሪብቶ ጋር አስቀመጡልኝ። «ይጻፉ። በራስዎ እጅ ይጻፉ፤ የእርስዎን ጽሕፈት ያውቀዋል።»

የእኔን ጽሕፈት የሚያውቀው በስድስተኛ ክፍል ነው። እጄ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፤ ከፋብሪካ የሰዓት ፊርማ ወረቀት በቀር ብዙ የፈረምኩት ነገር የለም። «ወንድምጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ብሎኩንና ፎቁን ጻፍኩ። ከዚያ ምን ልጨምር ብዬ ብዙ አሰብኩና «ቅቤ አለ» ብዬ ጨመርኩ። ሐጂ ካርቶኑን መስኮታቸው ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ለጠፉት።

ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ዕቃ ማሰር ጀምሬ ነበር። በሩ ላይ ደንግጣ ቆመች።

«እማዬ፣ ሚያዝያ 27ን እዚህ ልዋል ብለሽ አልነበር?»

«ሚያዝያ 27 ነው የምንገባው። ጃንሆይ ቀን ከመረጡ እኔም እመርጣለሁ።»

«በበዓል የጭነት መኪና ከየት ይገኛል?»

«ፈልጊ። የስብሰባ ቃሌን ፈልገሽ እንዳገኘሽብኝ መኪናም ታገኛለሽ።»

ስንት ቀን ሳንስቅ ሰንብተን ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ጎኔ ተቀምጣ የፈታሁትን መጋረጃ አብራኝ አጣጠፈች።

ሐሙስ ማታ የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከጃንሆይ ቀጥሎ አንድ መስመር ክፍት አድርጋ ነበር።

«የወንድምሽን እዚህ ላነብልሽ? ስም አልጠራም። አንድ የአቃቂ የባቡር ሠራተኛ ልበል?»

ልቤ ምን ያህል እንደፈለገው እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ሁሉ ሰፈር፣ ያ ሁሉ ተማሪ ቆሞ ሲሰማ! የጦርና የንጉሥ ቀን ብቻ ለምን ይነበባል ብዬ ልቤ ሲያጉረመርም የኖረ ሰው ነኝ። የእኛም ሰው በአንድ ቀን ነው የሄደው።

«አታንብቢ» አልኳት።

«ለምን?»

«ቀኑ አይደለማ። ያልሆነ ነገር በድምፅ ማጉያ አይነበብም። ደቡብ አፍሪካዎቹን ያስመለስኩሽ ሴትዮ ለራሴ ሲሆን ልተወው?»

ትንሽ አሰበችና ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ «መጋቢት 28» ብላ ጻፈች። «እንግዲያው ለሚመጣው ዓመት» አለችኝ። ከሥሩ የጻፈችውን በእጇ ሸፈነችብኝ። አልለመንኳትም።

ሰኞ ጠዋት ዕቃው ሲጫን በሩን ከፍቼ ድንጋይ አስደገፍኩት። እንደ ወትሮው ቂንጬ ሠርቼ ነበር፤ በቅቤ። ዱካዬ መኪናው ላይ ስለተጫነ ቆሜ ሃዲዱን አየሁት። ፍየሎቹ ነበሩ። ከዚያ ክዳኑን ከፈትኩና ለሁሉም አካፈልኩ፤ ለልጄ፣ ለልጅቷ፣ ለተሸካሚዎቹ፣ ለሐጂ በሳህን ላኩ። የመጨረሻዋን እኔ በላሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ቀምሼው አላውቅም ነበር። ጨው በዝቶበታል። ይህን ሁሉ ዓመት ጨው ሳበዛበት ኖሬያለሁ፤ የነገረኝ የለም።

ቁልፉን ማክሰኞ መሥሪያ ቤት ሲከፈት ራሴ ሄጄ አስረከብኩ። ቤቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ በሩን በመጋቢት እንዲከፍትልኝ ልለምን። ግን ቤት ያገኘ ሰው የእኔን ጥበቃ አብሮ መውረስ የለበትም። ቤቱን ባዶውን ይረከብ።

አሁን የምጽፈው ከአራተኛ ፎቅ ነው። ከማብሰያው ክፍል መስኮት፣ ሜዳው ካለቀበት ማዶ፣ የአዲሱ ባቡር መስመር ይታያል። ጭስ የለውም፤ ጥሩምባውም የድሮውን አይመስልም፤ ግን ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው፤ ከምሥራቅም ይመለሳል። ሲያልፍ ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ። ልጄ «አንድ ዓይንሽ እዚያ ነው» ትለኛለች፤ የአባቷ ልጅ ናት።

መጋቢት 28 ሲመጣ የዚህን ቤት በር ከፍቼ እቀመጣለሁ። በደረጃው የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ ምን ሆነች ይበል። ጾም ስለሚሆን ቂንጬው በዘይት ነው። ፊቱን ያጨማድድ እንጂ ይበላዋል፤ በቅቤ ደግሞ ለፋሲካ እሠራለታለሁ።